የየቲሞችን ገንዘብ ማን በላው?

ሞት ሀብታምና ድሃ አይለይም። ሁሉም ታጥቦ፣ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ፣ ተሰግዶበት ወደ አፈር ይገባል። ልዩነቱ የሚመጣው ከቀብር መልስ ነው።

እዚህ ሱሉልታም ሆነ በሰበታና በቡራዩ፣ ቀባሪው ሲመለስ ድንኳን ተተክሎ፣ ድስት ተጥዶ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ቀን ይታረዳል፤ ሰባተኛውም እንዲሁ። አርባው ሲደርስ ሰንጋ ይጣላል። ባሏን የቀበረች እህታችን የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን በዱቤ ትጀምራለች። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ፍርሃት፣ «አላህ ምን ይለኛል?» የሚለውን በልጦብናል።

ውድ አንባቢያን! ለመሆኑ ያ ሰንጋ የማን ነው? ሰው ነፍሱ ከወጣች በኋላ ንብረቱ የእሱ አይደለም። ውርስ የሚከፋፈለው እዳና ኑዛዜ ከወጣለት በኋላ መሆኑን ሱረቱ አን-ኒሳእ ደንግጓል። ያልተከፈለ የሚስት መህርም እዳ ነው። ከወራሾቹ መካከል ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች ካሉ፣ አጎት ቢሆን ሽማግሌ በድርሻቸው ሊደግስበት መብት የለውም። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ በሆዱ እሳት እንደሚበላ ያስጠነቀቀውም ይኸው ሱራ ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈለግ የእኛ ተቃራኒ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በሙእታ ሸሂድ በሆነ ጊዜ፣ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ሐዘንተኛ ይበላል እንጂ አያበላም!

«ታዲያ ለሟች ሰደቃ ማድረግ ክፉ ነውን?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ሰዕድ ኢብን ዑባዳ እናቱ በሞተችበት ጊዜ የአትክልት ቦታውን ሰደቃ አድርጎላታል። ነገር ግን የሰጠው የራሱን ነው። እኛ ግን ከየቲም ወስደን የጠገበ ጎረቤት እናበላለን፤ ሚስኪኑ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

«ባህል ነው፣ አይቀርም» ለሚሉም መልስ አለን። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መሰባሰብ ሲገደብ ብዙ ጀናዛ በጥቂት ሰው ተሸኘ። ድንኳን ስላልተተከለ ቀብሩ ጎደሎ ነው ያለ ዓሊም አልሰማንም።

ሌላም ልማድ አለብን፤ ኑዛዜ መጻፍን ሞትን እንደ መጥራት እንቆጥረዋለን። በሽተኛው ፊት እዳ ማንሳት ነውር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር መክረዋል። አባት እዳውን ደብቆ ሲሞት፣ አበዳሪው የሚመጣው ልጆቹ ዘንድ ነው።

እድር ይፍረስ አንልም፤ እድር ትልቅ ጸጋ ነው። ገንዘቡ ግን ከድስት ይልቅ ለሟች እዳና ለልጆቹ ደብተር ይዋል። ምግቡን ጎረቤት በየተራ ያምጣ። በልቶም እዚያ አይዋል፤ ዱዓ አድርጎ፣ አጽናንቶ ይሂድ።

የየቲሞቹን ገንዘብ ማን በላው? በድንኳኑ ሥር የተቀመጥነው እኛው ነን። አላህ (ሱ.ወ) ከሰው ወቀሳ ይልቅ የእሱን ቁጣ የምንፈራ ያድርገን። አሚን።