የዕለት ደመወዝና የችግኝ ዕድሜ

መንግሥት ሥራ ላጣው የከተማ ሰው ገንዘብ ሲመድብ፤ በምን ሥራ ላይ ይዋል የሚለው ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። እኛም የመልካ ጀብዱ ተማሪዎች ሐሳብ ልንሰጥበት ይገባናል። መልካ ማለት በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነውና የውሃ ነገር ይመለከተናል።

የድሬዳዋ ወንዞች በበጋ አሸዋ፤ በክረምት ጎርፍ ናቸው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የተሠራው ግንብ እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ግንብ የመጣውን ውሃ ይመልሳል እንጂ እንዳይመጣ አያደርገውም፤ ጎርፉ የሚወለደው በስተደቡብ ባሉት በተራቆቱት ተራሮች ላይ ነው። እርከን፤ ክትርና ዛፍ የውሃውን ሩጫ ይገታሉ፤ ወደ መሬትም ያሰርጉታል። ከተማይቱ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ስለ ሆነ ጥቅሙ ድርብ ነው።

ይህ ሥራ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 እ.ኤ.አ. ሥራ ያጡትን ወጣቶች አሰባስበው እስከ 1942 ድረስ 3 ቢሊዮን ያህል ዛፍ አስተክለዋል፤ ወጣቱም ከ30 ዶላር ደመወዙ 25ቱን ለቤተ ሰቡ ይልክ ነበር። በአገራችንም በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋ አንዷ ነበረች። ለዚሁ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፤ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መድበዋል። ድሆች የዕለት ደመወዝ እየተቀበሉ መንገድ ጠረጉ፤ ቦይ አጸዱ፤ ችግኝም ተከሉ።

የእኔ ቅሬታ በአቆጣጠሩ ላይ ነው። ክረምት ሲሆን ስንት ተተከለ ይባላል፤ በግንቦት ሐሩር ስንቱ ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። (የፍየሎቻችንንም ትጋት አንርሳ!) በዚህ ሴፍቲኔት የታቀፈ ሰው የሚቆየው ሦስት ዓመት ነበር፤ ችግኝም በቆላ ውሃ ካገኘ በዚሁ ዘመን ራሱን ይችላል። እንግዲህ እያንዳንዷ ሠራተኛ የተከለችውን ቦታ እስከ መጨረሻው ትያዝ፤ የማጠጣቱና የመጠበቁ ቀንም እንደ መትከሉ ቀን ይከፈላት። ድርቅ ዛፉን ቢገድለው ግን ከደመወዟ አይቀነስ፤ ዝናቡ የእርሷ አይደለምና።

ምን ይተከል ለሚለው፤ ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የግጦሹን ሜዳ እንዴት እንደ ወረረው አርብቶ አደሩን መጠየቅ ነው። ግራርና ቁርቁራ አሉልን። መጀመሪያውም ወደ መልካ ጀብዱ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚወስደው መንገድ ዳር ይሁን፤ በእግሩ የሚመላለሰው ሠራተኛ ጥላ ያሻዋል።