ሸርጣን የባሕር ብቻ አይደለም

ስለ ክረስታሲያን ትምህርት ሲነሳ በየክፍሉ ሰሌዳ ላይ የሚሣለው የባሕር ሎብስተር ነው። ተማሪውም «እኛ ባሕር የለንም፤ ይህ የሌላ አገር እንስሳ ነው» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ የአስተማሪው ነው።

በዓለም ላይ ከ50,000 የሚበልጡ የክረስታሲያን ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ የባሕር ቢሆኑም በደጃችን ያሉትም ቀላል አይደሉም። በአገራችን ጅረቶች ድንጋይ ሥር የሚኖረው ሸርጣን ፖታሞናውቴስ ከሚባለው የአፍሪካ ወገን ነው። እንደ ባሕር ዘመዶቹ እጭ ወደ ውሃ አይለቅም፤ እናቲቱ እንቁላሉን ከሆዷ ሥር ይዛ፣ ትንንሽ ሸርጣን ሆኖ እስኪፈለፈል ትጠብቃለች። የረገፈ ቅጠልና የሞተ ነገር እየበላ ጅረቱን ያጸዳል፤ እሱም በተራው ለወፍ ምግብ ይሆናል። እርጥብ ድንጋይ ሲገለበጥ የሚታየው ባለ 14 እግር ግራጫ ፍጥረትም ከነፍሳት ወገን ሳይሆን የሸርጣን ዘመድ ነው። ኩሬ ውስጥ እንደ ነጥብ የሚንቀሳቀሱት ዳፍኒያና ሳይክሎፕስም እንዲሁ። እነዚህ ደቃቆች አልጌ ይበላሉ፤ ዓሣ ደግሞ እነሱን ይበላል። ከጣና ባርቦ ዓሦች አንዱ ዋና ቀለቡ እነሱ ናቸው።

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጋምቤላ ሰው ሲያሠቃይ የኖረው የጊኒ ትል ወደ ሰው የሚገባው፣ እጩን የያዘ ሳይክሎፕስ ያለበት የኩሬ ውሃ ሲጠጣ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ግን በጣት የሚቆጠር ሆኗል። ክትባት የለውም። ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ ውሃን በጨርቅ ማጥለል ነው። እንግዲህ ሳይክሎፕስን በሚገባ የሚያስረዳ አስተማሪ ሕይወት ያድናል ማለት ነው።

«ላቦራቶሪ የለም፤ ክፍለ ጊዜው አይበቃም» ይባላል። ታዲያ አንድ ብርጭቆና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ምን ላቦራቶሪ ይፈልጋል? ከካራ በላይ ያሉት የእንጦጦ ጅረቶች እኮ ሩቅ አይደሉም። ከላይ ያገኘነውን ቆጥረን፣ ወረድ ብሎ ቤት ከበዛበት ካለው ጋር ብናስተያየው፣ የከተማው ቆሻሻ በውሃው ላይ የሚያደርሰውን ያለ መሣሪያ እንረዳለን። እንስሳውን ወደ ቦታው መመለስ፣ እጅንም በሳሙና መታጠብ ነው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ቢያንስ አንድ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጅረት ዳር ይሁንልን። መምህራኖቻችንም ሆኑ እኛ ሠልጣኞች እናስብበት።