የኪራሙ ታሪክ በማይክሮፎን ይነገር?

በምሥራቅ ወለጋዋ ኪራሙ ስለ አካባቢው ታሪክ፣ ባህልና ተፈጥሮ በየጊዜው ለሕዝብ ንግግር የሚደረግበት መድረክ ቢከፈት ይበጃል ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተውበታል። አንደኛው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ናት።

ይነገር

ነቀምቴ የገባ ሰው ታሪክ አያጣም። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ፤ የወለጋ ሙዚየም አለ፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲም አለ። ኪራሙ ያለው ተማሪ ግን ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚያወራውን ያህል ከሰፈሩ በስተሰሜን ስላለው የአባይ ሸለቆ አያወራም፤ የነገረው የለማ።

ቢነገረው ምን ይሰማል? በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም ነጋዴ ከባሶ ገበያ አሞሌ ጨው ጭኖ አባይን ይሻገርና ጉዱሩ፣ አሰንዳቦ ያራግፋል። ከዚያ አልፎ ወደ ሌቃ፣ ከሌቃም ወደ ጅማ የሚዘልቅ ነበር። ሲመለስ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ይዞ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉት በዚህ ሀብት ማን ይዘዝ በሚል ነው። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ሸዋን ለድል ካበቁት ጦር መሪዎች ዋናው ራስ ጎበና ዳጨ ኦሮሞ ናቸው። ከጎጃሞቹ ጋር ተስማምቶ የቆየው የነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ደግሞ ከድሉ በኋላ ለሸዋ ገበረ። እስቲ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «እኛ» የትኛው፣ «እነሱ» የትኛው ነው? ይህን በወጉ የሰማ ልጅ የማንም ቀስቃሽ መጫወቻ አይሆንም።

እኛ ዝም ስላልን ታሪኩ ሳይነገር አይቀርም። በየስልኩ እየተነገረ ነው፤ ያውም አንድም ሰነድ ባላዩ ሰዎች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጊዳ ኪራሙ ወረዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ210 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ከዚያ በፊት ማን ነባር፣ ማን መጤ እንደሆነ ሲነገር የከረመው በመምህር አልነበረም። መምህር ቢናገረውማ ኖሮ፣ የመጣው ሁሉ በአንድ ቀንና በአንድ መንገድ እንዳልመጣ ያስረዳ ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ወለጋ ከዋናዎቹ ተቀባዮች አንዱ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ አባይን በእግሩ ተሻግሮ የገባ፣ ተጋብቶና ወልዶ የኖረም አለ። ተጭኖ የመጣውን ፈልጎ ከመጣው፣ የትናንቱን ከአያት ቅድመ አያቱ መለየት የታሪክ መምህር ሥራ ነው።

ወጪው ምንድን ነው? አዳራሽ፣ ማይክሮፎን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ግዴታ አድርጎታል፤ ስለዚህ ምሁሩ ኪራሙ ድረስ ቢመጣ ውለታ አልዋለም። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። ለጠያቂው የሚሰጠው ሰዓት ከተናጋሪው ይብለጥ። (ማይክሮፎን የጨበጠ ሰው በአገራችን በቀላሉ እንደማይመልስ አንባቢ ያውቃል፤ ስለዚህ ሰዓት ጠባቂው ቆፍጣና ይሁን።)

ይቆይ

ጋሼ ስለ ባሶና ስለ እምባቦ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው አዳራሹን ነው።

በወረዳ ከተማ «ስብሰባ» ሲባል ሕዝቡ ምን እንደሚገባው እርስዎም ያውቃሉ። በቀበሌ ተጠርቶ ይመጣል፣ ከፊት አስተዳዳሪውና ካድሬው ይቀመጣሉ፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ አጨብጭቦ ይወጣል። ዘመዱን የቀበረ ሰው፣ ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ በውል ሳያውቅ፣ እጁን አውጥቶ ስለ 1874 ይጠይቃል ብለው ነው? የጠየቀም ይታወቅበታል። ተናጋሪው ማታውኑ ነቀምቴ ይገባል፤ ጠያቂው ግን እዚያው ነው የሚያድረው።

ደግሞስ ማን አለና ነው የሚሰማው? የአካባቢውን ነገር ከሚያውቁት ብዙዎቹ ዛሬ ኪራሙ የሉም። ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ደብረ ብርሃን ባሉ መጠለያዎች ዓመታት አስቆጥረዋል። እዚያው ወለጋ ውስጥ ከቀዬው ተነቅሎ በየከተማው የተጠጋም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እነዚህ በሌሉበት የሚነገር የኪራሙ ታሪክ፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የቀሩት ሰዎች ታሪክ ነው የሚሆነው።

ወለጋ ከዚህ የተሻለ የአሠራር ምሳሌ በራሷ አላት። አስቴር ጋኖ ከባርነት ነጻ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ሳለች፣ ከልጅነቷ የምታውቃቸውንና የሰማቻቸውን ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች በጽሑፍ አስቀመጠች። ከነዚያ ከፊሉ እሷና የሥራ ባልደረባዋ ኦነሲሞስ ነሲብ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1894 ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ኋላ ሁለቱም ነቀምቴ ገብተው ሕፃናት አስተማሩ። አስቴር ማንንም ሰብስባ ንግግር አላደረገችም። ማንም ሊቅ ብሎ ያልጠራት ወጣት ሴት፣ እናቶች ለልጅ የሚነግሩትን ቁም ነገር ብላ ጻፈችው። እርስዎ በሚሉት መድረክ ላይ ግን እናት መቼ ትናገራለች? ቡና አፍልታ ካልሆነ በቀር ደጃፉንም አትረግጥም።

ስለዚህ መቅዳቱ ይቅደም። ቤት ለቤት፣ በሰውየው ቋንቋ፣ በሰውየው ፈቃድ። ኪራሙም፣ ነቀምቴም፣ ደብረ ብርሃንም። አንድ ቅጂ ለወለጋ ሙዚየም፣ አንድ ቅጂ ለኪራሙ ትምህርት ቤት ይሰጥ።

የግድ ሰው ሰብስበን እናውራ ከተባለ በእኔ ሙያ እንጀምር፤ በመሬቱ። የአንገርና የዴዴሳ ቆላ ለምን ለብዙ ዘመን ሰው ሳስቶበት እንደኖረ ገበሬው አሳምሮ ያውቃል፤ በዝንብ የሚተላለፈው የከብት በሽታ፣ ገንዲ ነው። ዝንቡ በሬ አላኖር ካለ እርሻ የለም፤ ሰው ደጋው ላይ ይጨናነቃል፤ ቆላው «ባዶ መሬት» እየተባለ በካርታ ላይ ለሰፈራ ይታጫል። ወደ ሆሮ ጉዱሩ ብንሻገር ደግሞ በ1960ዎቹ የፊንጫ ግድብ ሲሠራ ውሃው የጮመንን ረግረግ ዋጠ። ግጦሹና ማሳው የጠፋበት ሰው ወደ ተዳፋቱ ወጣ፣ ተዳፋቱም ሲታረስ አፈሩ ወደ ሐይቁ ወረደ። ይህን ለማስረዳት ማይክሮፎን አያስፈልገኝም። የኑግ ማሳ ዳር፣ ምንጭ አጠገብ፣ በገበያ ቀን ዛፍ ሥር ይበቃል። እዚያ ደግሞ ገበሬው እኔን ያርመኛል እንጂ አያጨበጭብልኝም።

የመምህሩ መልስ

እህቴ፣ ከጸብ የራቀ ርዕስ አገኘሁ ብለሽ መሬትን መምረጥሽ ገርሞኛል። መሬት እኮ ነው ጸቡ! ስለ ገንዲ ስትናገሪ ስለ ሰፈራ እየተናገርሽ ነው፤ «ባዶ መሬት» ያልሽው ላይ ያቺ ቦታ የአባቴ ግጦሽ ነበረች የሚል ሰው ዛፉ ሥር ይነሳብሻል። ያን ጊዜ ሰነድ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ባይኖር ምን ትመልሺለታለሽ?

ስለ አዳራሹ ያልሽው እውነት አለው፤ ካድሬው ከፊት አይቀመጥ፣ ይህ ይስተካከላል። የተፈናቀሉት እስኪመለሱ በመጠበቁ ግን አልስማማም። መቼ እንደሚመለሱ ቀኑን የሚነግርሽ አለ? እስከዚያ ልጆቹ ከስልካቸው ይማራሉ። ደግሞም በኦሮሞው የጉማ ሥርዓት ደም የሚደርቀው የሆነው ነገር በሽማግሌ ፊት ተነግሮና ታምኖ ነው። አባይ ማዶ ባለው የጎጃም ሽምግልናም ገዳይ ጥፋቱን ሳያምን ዕርቅ የለም። በሁለቱም ዘንድ ዝምታ ያስታረቀው የለም።

የባለሙያዋ መልስ

ጉማን ካነሱ አይቀር ሙሉውን ያንሱት ጋሼ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት የሚያስቀምጡት መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድመው ለየብቻ ሄደው ያነጋግራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ፤ ወር ቢፈጅም ይፈጃል። የሚናገሩትም ባለጉዳዮቹ እንጂ ለዕለቱ የመጣ እንግዳ አይደለም። እኔ የምለው ይህንኑ ነው፤ እርስዎ የሥርዓቱን የመጨረሻ ቀን መጀመሪያ ላይ አመጡት።

በመሬት ጉዳይ የመከሩኝን ግን ተቀብያለሁ። ዛፉ ሥር ስሄድ ሰነድ የሚያውቅ ሰው ይዤ እሄዳለሁ፤ ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎን። አዳራሹ የተፈናቀሉት ተመልሰው ከፊት መቀመጥ ሲችሉ ይከፈት። የአባቶቻችሁንና የእናቶቻችሁን ድምፅ በካሴትም በስልክም የያዛችሁ የኪራሙ ልጆች፣ የትም ሁኑ የት፣ ማን፣ የት፣ መቼ እንደተናገረው ጽፋችሁ አንድ ቅጂ አስቀምጡልን።