የበሽተኛው ስም ይስተካከል፤ ምስጢሩም ይጠበቅ

ከገጠር ተነሥቶ በቃሬዛ፣ በበቅሎ ወይም በመኪና ሆስፒታል የደረሰ በሽተኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን አይደለም፤ የካርድ ክፍሉን መስኮት ነው። እዚያ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ይናገራል፤ ከአገሩ ይዞት የመጣውን ወረቀት ያቀብላል። ያ ወረቀት የተጻፈው በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ዛሬ በሕግ የቀበሌ አስተዳደር ይባል እንጂ፣ ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ ሕዝቡ ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራውን ጽሕፈት ቤት ማለታችን ነው። ስለዚህ በሆስፒታል የሚደርሰው የመዝገብ ስሕተትም ሆነ የበሽተኛ ምስጢር መውጣት የሐኪሞችና የከተማ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ የማኅበራት መሪዎችን ማሳሰብ እንወዳለን።

እንደሚታወቀው በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለም። በአንድ ወረዳ ውስጥ ዓለሙ ተሰማ የሚባሉ አምስት ጎልማሶች ቢገኙ አያስገርምም። ኃይሉ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በኃ፣ ሌላው በሀ፣ ሦስተኛው በሐ ይጽፈዋል፤ መዝገቡ በፊደል ተራ የተደረደረ እንደሆነ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። ስሙ በኮምፒዩተር በላቲን ፊደል ሲገባ ደግሞ እንደየጸሐፊው ጆሮ ይለዋወጣል። በሰፈር በመጠሪያ ስሙ የታወቀው ሰው አንዳንዴ በክርስትና ስሙ ይመዘገባል። ዕድሜው ሲጠየቅ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው የተወለድኩት» ይላል፤ ጸሐፊው በፀሐይ የተጎዳ ፊቱን አይቶ 55 ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ግን ገና አርባዎቹን መጀመሩ ነው።

ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስላል። ሆኖም የአንዱ ዓለሙ ካርድ ለሌላው ዓለሙ ሲወጣ ሐኪሙ የሚያነበው የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው በሽተኛ ፔኒሲሊን ሊታዘዝለት ይችላል። የላቦራቶሪ ውጤት ተለዋውጦ ጤነኛው ሲደነግጥ በሽተኛው «ደኅና ነህ» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። በዚህ ረገድ ጥፋቱን ሁሉ በካርድ ክፍል ሠራተኛው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። በገበያ ቀን በመስኮቱ ፊት የሚቆመውን ወረፋ ያየ ሰው ይመሰክርለታል። ደግሞም ሠራተኛው የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ ከእኛው ዘንድ ተሳስቶ የሄደውን ስም ነው።

በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነገሩን ይበልጥ አክብዶታል። የአባላቱ ስም የሚሰበሰበው በቀበሌ ነው። መክፈል የማይችሉትን ድሆች የሚመርጠውም ኅብረተሰቡ በቀበሌው ተሰብስቦ ነው። በመድን ደብተሩ ላይ አንድ ልጅ ከተዘለለ ወይም የእናቲቱ ስም ከተዛነፈ፣ መዋጮውን በወቅቱ የከፈለው ቤተሰብ ሆስፒታል ደርሶ እንዳልከፈለ ይቆጠራል። አባት ለልጁ ሕክምና በግ ሸጦ፣ ካልሆነም ተበድሮ ይከፍላል። ዕዳው ግን የጸሐፊው ብዕር ያመጣው ነው።

ስለሆነም ደብዳቤው ማኅተም ከመመታቱ በፊት ለባለጉዳዩ ለራሱ ይነበብለት። የአያቱ ስምና ጎጡ ይጻፍ፤ ከመታወቂያውና ከመድን ደብተሩ ጋርም ይመሳከር። ቀድሞ የታከመ ከሆነ የካርድ ቁጥሩ ይጠቀስ፤ ስም ሲመሳሰል የሚለየው ቁጥሩ ነውና። ስሕተቱ ከሆስፒታሉ የመጣ እንደሆነም «አዲስ ካርድ አውጣ» በሚል ምክር ባለጉዳዩን መሸኘት አይገባም። አዲስ ካርድ የወጣለት በሽተኛ የቀድሞ ታሪኩ ሌላ መደርደሪያ ላይ ይቀርበታል። የተሳሳተው ጽሑፍ ሳይፋቅ በአንድ መሥመር ተሰርዞ፣ ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ፣ ቀንና ፊርማ እንዲያርፍበት መጠየቅ ይገባል። በካርድ ክፍሉ ካልተፈታ ወደ ሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል። በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ቦርድ የኅብረተሰቡ ተወካዮች አሉ። ስብሰባ ሲጠሩ ስለ ጣራና ስለ አጥር ብቻ ሳይሆን ስለ ካርድ ክፍሉም ይናገሩ።

ስሕተትስ ከታወቀ ይታረማል። የወጣ ምስጢር ግን አይመለስም።

ብዙ ጊዜ ከቀበሌ የሚጻፈው ደብዳቤ «የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ በመሆኑና የመክፈል ዐቅም ስለሌለው» ብሎ ይጀምራል። ጸሐፊው ያየዋል፤ ማኅተም ያዡ ያየዋል፤ ሊቀ መንበሩ ይፈርምበታል፤ በር ላይ ያለው ሚሊሻም «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። በሽተኛው ወንዙን ሳይሻገር ወሬው ዕድር ቤት ደርሷል። ከዚያ በኋላ በሬ የሚያቀናጀው ያጣል፤ ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት ይቀንሳል፤ የታጨችው ልጁ ትመለስበታለች። ሳንባ ነቀርሳ ግን መድኃኒቱ በሚገባ ከተወሰደ በ6 ወር ያህል ሕክምና በአብዛኛው የሚድን በሽታ ነው። ሕክምናው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም የመተላለፍ ኃይሉ በእጅጉ ይደክማል። ሰውየው ሐሜቱን ፈርቶ መድኃኒቱን ካቋረጠ ግን በሽታው መድኃኒት የለመደ ሆኖ ይመለሳል። ያን ጊዜ የሚያስለው በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል ተቀምጦ ነው። ምስጢሩን መጠበቅ ለእርሱ ብቻ ውለታ መዋል ተደርጎ የሚታሰበው ይህን ካለማስተዋል ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስደው ወገናችን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ እያለ ሌላ ወረዳ ድረስ የሚጓዘውም ይህንኑ ፈርቶ ነው።

ለሆስፒታል በሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ ላይ የበሽታ ስም መግባት የለበትም። ቀበሌው የሚያረጋግጠው ነዋሪነቱንና የመክፈል ዐቅሙን ነው፤ በሽታውን የሚያረጋግጠው ሐኪም ነው። የድሆች ምርጫ በሸንጎ መካሄዱ ለፍትሕ ሲባል ተገቢ ነው፤ ችግረኛው ማን እንደሆነ ጎረቤት ያውቀዋልና። ሆኖም «እገሌ ይህ ይህ በሽታ ስላለበት ይግባ» ብሎ መከራከር ለበሽተኛው ከዘለፋ አይተናነስም።

ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው የሚመድበው ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ የየቤቱ የጤና ጉዳይ በጤና ኬላው ውስጥ በቤተሰብ ማኅደር ተመዝግቦ ይቀመጣል። አንዳንድ መሪዎች ሪፖርት ለማጠናቀር እያሉ ማኅደሩን ለመግለጥ ይፈልጋሉ። ለሪፖርት የሚያስፈልገው ቁጥር ነው፤ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት በጤና ተቋም ወለደች የሚለው። ስም አያስፈልግም። የቁም ሣጥኑ ቁልፍም በሠራተኞቹ እጅ ይሁን እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ምስማር ላይ አይንጠልጠል።

ከሁሉ የሚከብደው ባል ወደ ሊቀ መንበሩ መጥቶ «ባለቤቴ ጤና ኬላ ገብታ ምን እንደወሰደች ጠይቅልኝ» ያለ ዕለት ነው። ሊቀ መንበሩ ጎረቤቱ ነው፤ አስታራቂ ሽማግሌው ነው፤ ምናልባትም አበ ልጁ ነው። እምቢ ማለት ቂም ያተርፋል። ነገር ግን ሴቲቱ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ከሠራተኛዋ ጋር የተነጋገረችው ነገር በሊቀ መንበሩ በኩል ወደ ባሏ ከደረሰ፣ እርሷ ብቻ ሳትሆን የሰሟት ሴቶች ሁሉ ከዚያ በር ይቀራሉ፤ ለእርግዝና ክትትልም፣ ለልጃቸው ክትባትም። መልሱ «ባለቤትህን ጠይቃት» ነው፤ ጠንከር ተብሎ መነገር አለበት።

ሕጉም ከዚሁ ጎን የቆመ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው መረጃዎች ተራ አስገብቶታል። ወረርሽኝ ሲጠረጠር ወዲያውኑ ማስታወቅ ግዴታ መሆኑ እንደተጠበቀ ነው፤ የሚነገረው ግን ለጤና ባለሙያው እንጂ በጡሩንባ አይደለም። በነገራችን ላይ የበሽተኛን ፊት ሳናስፈቅድ በጋዜጣ የምናወጣ እኛ ጋዜጠኞችም ከዚህ ነቀፋ አናመልጥም።

አዝመራው ገብቶ የመድን መዋጮ ሲሰበሰብና ደብተር ሲታደስ፣ ጸሐፊው ያለፈውን ዓመት ዝርዝር እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ እያንዳንዱን ቤተሰብ ለብቻ ጠርቶ፣ ስም በስም እያነበበ ቢያርም ይሻላል። አባወራው ብቻውን የመጣ እንደሆነም ባለቤቱን ይዞ እንዲመለስ ይነገረው። የልጆቹን ሙሉ ስምና የተወለዱበትን ወር አጥርታ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት።