ጉማሬውና የትንሿ ላይፍ ጃኬት

ልጆች ይዞ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ወላጅ የሚያቅደው የሚታየውን ነገር ነው፤ ጉማሬ፣ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደምንደርስ ግን አላሰብኩበትም።

ያኔ ትንሿ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ወንድሟ አሥራ አንድ። እናቴም አብራን ነበረች። ያረፍነው ከከተማው ወጣ ባለ የሐይቅ ዳር ሎጅ ነው። እናቴን ያመጣት ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ነው፤ ልጆቹን ጉማሬ። ጀልባው ሁለቱንም ያደርሳል፤ መጀመሪያ ዘጌ፣ ሲመለስ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ፣ ጉማሬዎቹ ከሚውሉበት።

ወደቡ ላይ የተሰጠን ላይፍ ጃኬት ሁሉ የአዋቂ ነበር። ለትንሿ አልብሼ ማሰሪያውን አጠበቅሁና ጃኬቱን በትከሻው ይዤ ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። አገጯን አልፎ ጆሮዋ ጋ ደረሰ። ውኃ ውስጥ ብትወድቅ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ እሷ ትሰጥማለች ማለት ነው። (ይህችን ሙከራ የትም ብትሄዱ አድርጓት፤ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።)

«እኛ ልጆቻችንን በደንገል ታንኳ ነው የምናሻግረው» አለኝ ጀልባ ነጂው፣ ሳይቆጣ። እናቴም «ኪዳነ ምሕረት እያለች! አንተ ደግሞ ፍርሃት አበዛህ» አለች። የከፈልኩት ገንዘብ አይመለስም ተባልኩ። ትንሿ አለቀሰች። ልሳፈር ምንም አልቀረኝም ነበር። ጣና ጠዋት ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ የእኛ መመለሻ ደግሞ ከሰዓት ነበር። ተውኩት።

በባጃጅ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ቆሞ ዓባይን ቁልቁል ማየት ይቻላል፤ ዕድለኛ ከሆኑም ጉማሬ። እኛ አልሆንንም። እናቴ በነጋታው በመኪና ዘጌ ደርሳ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ተጉዛ ተሳልማ ተመለሰች። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ መኪና ይደርሳል። ይህን ቀድሜ ባስብ ኖሮ የወደቡ ጭቅጭቅ ባልተነሣ ነበር።

ሎጁም የራሱ ጣጣ አለው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ስለዚህ ከራት በኋላ በሐይቁ ዳር መንሸራሸር የለም። በጉማሬና በውኃው መካከል መገኘት ክፉ ነው። ቀን ደግሞ ልጆቹ እግራቸውን ሊነክሩ ይፈልጋሉ፤ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለና ከለከልኳቸው። ማታ አጎበር፣ ለወባ። በዚያ ሰሞን ከእኔ አፍ «አይሆንም» ከሚለው ሌላ ቃል የሰሙ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን የሎጁ አስተናጋጅ ከተማ ደውላ የልጅ ጃኬት ያለው ጀልባ አገኘችልን። ጢስ ዓባይን ለሌላ ጊዜ አቆይተን በጠዋት ወደቡ ደረስን። ሙከራውን ደገምኩ፤ ጃኬቱ ከአገጯ አላለፈም።

ዓባይ ከሚወጣበት አጠገብ ነጂው ራቅ ብሎ ቆመ። ሁለት ጆሮና አፍንጫ ብቅ አለ።

«ሌላው አካሉስ?» አለች ትንሿ።

«ታች ነው፤ ከሺህ ኪሎ በላይ ነው» አላት ወንድሟ።

እናቴ ጉማሬውን አየት አድርጋ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይቺ ማሰሪያ ላልታለች መሰለኝ፤ እስቲ አጥብቅልኝ።»