ዶክተሩ «ቢሮ ገባ» አትበሉ

«እገሌ እኮ ጎበዝ ሐኪም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ቢሮ ገባ!» ይህን ያልሰማ የጎንደር ሰው አለ? አንድ ሐኪም የሕብረተሰብ ጤና ተምሮ የወረዳ ወይም የዞን ጤና ሥራ መምራት ሲጀምር ከሙያው እንደወጣ እንቆጥረዋለን። ዘመድ «ስፔሻላይዝ ሳታደርግ?» ይለዋል። ባልደረቦቹም ያሾፉበታል። እኔ ይህ አባባል የሰው ሕይወት ያስከፍላል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። እስቲ ንገሩኝ፣ ያኔ ቆላድባ ላይ አንድ ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ቢኖር ምን ይፈይድ ነበር? በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ። ዛሬ የምንኮራበት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዚያ ኮሌጅ ልጅ ነው።

«ታዲያ መሪ የሆነ ሐኪም ምን ሠራ?» ለምትሉኝ፣ ብራዚላዊውን ዶክተር ሲሮ ዴ ኳድሮስን ልጥራላችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገራችን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻውን የመስክ ሥራ ከመሩት አንዱ ነው። መኪና በማይገባበት አገር ሥራው በሽታው ያለበትን መንደር አስፈልጎ ዙሪያውን ማስከተብ ነበር። በ1976 የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ባሌ ውስጥ ተገኘ። ሰውየው ከዚያ ሄዶ የአሜሪካ አህጉራትን የፖሊዮ ዘመቻ መራ፤ በ1994 አህጉራቱ ከፖሊዮ ነፃ መሆናቸው ተረጋገጠ። በካርድ ቁጥር ከለካችሁት ያከመው ሰው ጥቂት ነው። ፈንጣጣ ያልያዛቸውን ግን ማን ይቆጥራል? ያልታመመ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ሊል ቢሮ አይመጣም።

ወንበሩን ለአበልና ለስብሰባ ብቻ የሚፈልግ የለም አልልም። አለ፣ እናውቀዋለን። እሱን በስሙ ውቀሱት፤ ሙያውን ግን አትሳደቡ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የዳባትና የደባርቅ ደጋ ልጆች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ወባ፣ አንዳንዱ ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶ ሲመጣ ጎንደር የሚያክመው አለ። ከመውረዱ በፊት ግን አጎበር የሚሰጠው፣ ምልክቱን የሚነግረው ማን ነው? ያንን የሚያቅደው «ቢሮ የገባው» ሐኪም ነው። እሱ ከሌለ ወይም ከሰነፈ አልጋው ይሞላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ «ስፔሻሊስት ይላክልን» ስትሉ፣ «ለአጨዳ ለሚወርዱ ልጆቻችን አጎበር መቼ ይደርሳል?» ብላችሁም ጠይቁ። ከቆላ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያተኩሰው፣ የሚከሳና ግራ ጎኑ ላይ ያበጠ ልጅ ካላችሁም «ወባ ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ አታቆዩት፤ ለካላዛር ይመርመር።