ምርኩዝ የሽማግሌ ብቻ አይደለም

ከጎሬ ደጋ፣ ከ2000 ሜትር ገደማ፣ 500 ሜትር ገደማ ወዳላት ጋምቤላ በእግሩ የሚወርድ ሰው ጉልበቱን የሚጎዳው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። በየእርምጃው የሰውነቱና የሸክሙ ክብደት ጉልበቱ ላይ ያርፋል። ምርኩዝ ከዚህ ክብደት ከፊሉን ለክንድ ያካፍላል። በክረምት ጭቃ ሦስተኛ እግር ይሆናል፤ ትንንሽ ጅረቶችንም ጥልቀታቸውን ይለኩበታል። ለባሮ ግን ድልድዩ ይሻላል፤ አዞ አለበት!

ልኩስ? ቀጥ ብለው ሲይዙት ክርንዎ ታጥፎ ክንድዎ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን፤ ለቁልቁለት ጥቂት ይርዘም። አንድ ጉልበት ካመመዎ በሌላኛው ወገን እጅ ይያዙት።

ነቢዩ ሙሳም (ዐ.ሰ.) በበትራቸው ይደገፉ ነበር። እናትዎ «ገና መች አረጀሁ!» ቢሉም፣ ሸክም ይዘው ቁልቁል ሳይጀምሩ ምርኩዙን ያቀብሏቸው። የተሰበረ ዳሌ ከምርኩዝ ይከብዳል።